በሁለተኛ ማርሽ እስከ ደብረ ታቦር

ኅዳር ፱ ቀን፣ ደብረ ታቦር

የአባቴ አሮጌ የጭነት መኪና ዛሬ ዳገቱን ወጣች። ሞተሯን አስወርጄ ያሳደስኩት ለመታሰቢያ ብዬ አይደለም፤ ተፎካካሪዬን ሹፌር በላቸውን ላሳርረው ነው። ደንበኞቼን የወሰደብኝ "ያቺ መኪና እኮ የዶሮ ቆጥ ሆናለች" እያለ ነው፤ ያውም በአባቴ ተዝካር ላይ፣ ጠላችንን እየጠጣ።

መካኒኩ ጋሽ አስረስ ግን "ፒስተኑ አዲስ ነው፤ እስኪለማመድ ከሁለተኛ ማርሽ እንዳታልፍ" ብለው አስማሉኝ። በላቸውን ቀድሜው ላልፍ ስመኝ እንደ ኤሊ ልሳብ ነው ብዬ ስናደድ አደርኩ።

አንበሳሜ ከተማን አልፌ ጠመዝማዛው ዳገት ላይ ስደርስ ከኋላዬ ክላክስ ጮኸ። በስፖኪዮ ሳይ ራሱ በላቸው ነው! ቲማቲም ጭኖ ለገበያ ይጣደፋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ማለፊያ የለውም። ጭሴን እየዋጠ ተከተለኝ። እሱ ክላክሱን ይነፋል፣ እኔ በሁለተኛ ማርሽ እጎተታለሁ።

ዳገቱ አናት ላይ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። መሀል መንገድ ላይ አቆምኩና ወርጄ ተሳለምኩ። ክላክሱ ጸጥ አለ። በሚሳለም ሰው ላይ ማን ይነፋል? በላቸውም ኮፍያውን አውልቆ፣ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። አባታችን ሆይን ደገምኩ። አልበቃኝም፤ ውዳሴ ማርያምን ጀመርኩ።

ደብረ ታቦር ስንገባ ገበያው ተበትኗል።

እመቤቴ በልቤ የነበረውን ታውቃለች። አሁን ይቅር በይኝ ልላት ነበር። ግን ነገም በዚያው መንገድ ጭነት አለኝ።