አባትህን ይዘህ ና ያልከው ልጅ

ተሰማዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ተዝካርህን አውጥቻለሁ፤ ሰዉም ወደየኑሮው ተመልሷል። መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ በተማሪዎችህ ይሞላ ነበር። አሁን በሩ የሚንኳኳው ለቀበሌ ስብሰባ ሲጠሩኝ ብቻ ነው። ብቸኝነቱን እለምደዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልለመድኩትም።

ስለ ቤታችን ልንገርህ። ከኅብረት ሱቅ ስኳር የምንወስድበት ካርድ ላይ ስምህን ሰረዙት። የሰረዘው ራስህ ያስተማርከው ልጅ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሰረዘ። ዘንድሮ ብርዱ ስለባሰ ካፖርትህን ደርቤ እውላለሁ። ሬዲዮኑን ለዜና እከፍተዋለሁ፤ ግን እንደ አንተ ከአንባቢው ጋር የሚሟገት ስለሌለ ቶሎ ይሰለቸኛል። ልጅ አልሰጠንምና የምጣላው ሰው እንኳ የለኝም። ከተማው ግን አልረሳህም። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለው ጎሚስታ ሳልፍ ሲያየኝ አሁንም ሲጋራውን ጥሎ ይረግጠዋል። ከኋላዬ የምትመጣ ይመስለዋል መሰለኝ።

ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ ከድር ነው።

ከኦጎልቾ መጥቶ አሰላ ዘመዱ ቤት እየኖረ ይማር የነበረውን ልጅ ማለቴ ነው። ሦስት ቀን ቀርቶ ሲመለስ ክፍሉ ሁሉ እያየው አቆምከው፤ አባትህን ሳትይዝ እንዳትመጣ ብለህ አባረርከው። ልጁ አማርኛ ገና አቀላጥፎ አይናገርም ነበር። ደብተሩን ይዞ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። አንተም ከሰነፎቹ ቆጠርከውና ረሳኸው።

ጡረታ ከወጣህ በኋላ ነው አንድ እህል ነጋዴ፣ የዚያን ጊዜ የክፍሉ ልጅ፣ ገበያ ላይ አግኝቶህ የነገረህ። ከድር እነዚያን ሦስት ቀናት የቀረው አባቱን ሊቀብር ሄዶ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላህም። ስንት ሺህ ልጅ አስተምረህ ስለ አንዱ እንዲህ መሆንህ ገርሞኝ ነበር፤ እንዲያውም ቀልጄብሃለሁ።

በሳምንቱ ጠዋት ጢምህን ተላጭተህ፣ ከራቫትህን አስረህ፣ ኦጎልቾ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አልከኝ። እኔም በሩ ላይ ቆምኩ። አገር ያስተማረ ሰው በስተርጅናው ገበሬ ደጅ ሄዶ ይለምናል ወይ፣ ሰው ምን ይለናል አልኩህ። ያልወረወርኩብህ ቃል አልነበረም። በመጨረሻ ከራቫትህን ፈታህ። ከዚያ በኋላ የከድርን ስም አንስተህ አታውቅም፤ እኔም አሸነፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንተ ከሞትክ ወዲህ ግን ያ ጠዋት አላስቀምጥ አለኝ። በመጨረሻ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አጽፌ ባለፈው ወር ሄድኩ። ገበሬዎቹን ከየጎጇቸው አንሥተው አዲስ መንደር ውስጥ ደርድረዋቸዋል። ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ እሱን ለማግኘት ብዙ ዞርኩ። ሳገኘው ሞፈር እየጠረበ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ስምህን ስጠራለት ከተቀመጠበት ተነሣና እጁን አራገፈ። እንደ እናቱ አዴ እያለ አስገብቶ ወተት ሰጠኝ።

አላስከፋኝም። ንዴቱ በልጅነቱ እንደወጣለት ነገረኝ። የቆየበት ሌላ ነገር ነው። መኪና መንገዱ ላይ በቆመ ቁጥር አስተማሪዬ ሊፈልገኝ መጣ እያለ ስንት ዓመት ተመልክቷል። ወልዶ ከብዶም ይህን አልተወም ነበር። መሞትህን ስነግረውም መምህሩ የአባቴን መሞት ሳያውቁ ነው ወይ የሞቱት ብሎ ጠየቀኝ።

ተሰማዬ፣ ዐይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁት። የሰማኸው በመጨረሻው ሕመምህ ጊዜ እንደሆነ፣ መነሣት ስላቃተህም እኔን እንደላክኸኝ ነገርኩት። እሱም ዕድሜ ቢያገኙ ኖሮ ራሳቸው ይመጡ ነበር አለ። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። አውቶቡስ ድረስ ሸኝቶኝ መረቀኝ። ምርቃቱ መንገዱን ሙሉ ሲከብደኝ ነበር።

እፎይ የምል መስሎኝ ነበር የሄድኩት፤ ብሶብኝ ተመለስኩ። ይህን የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም። ጎረቤት ለማጫወት እሞክርና የራሴን ጥፋት ማውራት ያሳፍረኛል። አንተን ደግ አስመስዬ የሸሸግኩት ራሴን ነው። ደግሞም አንተ እኔ ከፈጠርኩልህ ሰው ትበልጥ ነበር፤ በጤናህ፣ በገዛ እግርህ ልትሄድ ተነሥተህ ነበር።

ስለዚህ ተመልሼ እነግረዋለሁ። ምናልባት እንደ ባለፈው አያስገባኝም። ምናልባት ደጅ ቆሜ ተናግሬ እመለሳለሁ። እኔን ይቅር አይበለኝ፤ ብቻ ሲጠብቅህ የኖረው በከንቱ እንዳልሆነ ይወቅ።

ሰው ሲያነሣህ የሚያወራው ስለ ጎበዙ አስተማሪ ነው፤ ያውራ፣ ደስ ይለኛል። እኔ ግን እስክከተልህ ድረስ የማስታውስህ ልትሄድ ተነሥተህ እንደነበር ነው። ያስቀረሁህ እኔ ነኝ።

ባለቤትህ
አስካለ