በትንንሾቹ ስፒከሮች የሰማሁሽ ቀን

ውድ እታለም፣

አድራሻሽን የሰጠችኝ እማዬ ናት። «በስልክ እንዳትሞክራት፤ ሁለት ቃል ሳትለዋወጡ ትጣላላችሁ። ጻፍላት» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ከርሜ አሁን ስለ ስፒከር ልጽፍልሽ በመነሳቴ አትሳቂብኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከስፒከር ስለሆነ ነው።

ባለፈው ወር ድምፃዊውና ከበሮ መቺው እኔ ጋ መጥተው ነበር። ያኔ አብረን የቀረጽናቸውን አራት ዘፈኖች ሊያወጧቸው ፈልገዋል። የሁለቱም ቅሬታ ግን አንድ ነው፤ ያንቺ ቤዝ ጊታር አይሰማም። መኪና ውስጥ አይሰማም፣ ስልክ ላይማ ጭራሽ የለም። «የእህትህን የቤዝ ድርሻ ለሌላ ቤዝ ተጫዋች ሰጥተን እንደ አዲስ እናስቀርጸው» አሉኝ። እኔም እሺ አልኳቸው። ይሄን ልደብቅሽ አልፈልግም፤ እሺ ብያለሁ። ቀንም ቆርጠን ነበር።

በዚያው ሰሞን ከድሮዎቹ ስፒከሮቼ አንዱ ተቃጠለ። ታውቂያቸዋለሽ፤ አንቺ «ቁም ሳጥኖቹ» የምትያቸው፣ ግራና ቀኝ ማዕዘን ውስጥ የወተፍኳቸው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ትልቅ ስፒከር፣ ያውም ግድግዳ ተለጥፎ፣ ቤዙን ያሳብጠዋል። እኔ ደግሞ ዘፈኖቹን ሳስተካክል ያበጠውን እየሰማሁ «በዛ» እያልኩ ያንቺን ቤዝ መቀነስ ነበር ሥራዬ። ይሄ ሁሉ ያኔ አልገባኝም። ስፒከሩ ሲቃጠል የተናደድኩት እንኳ ትክክለኛ መሣሪያ ያጣሁ መስሎኝ ነው።

አዲስ ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም። ለክፍሌ የሚመጥን፣ ቤዙን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያሰማ አነስተኛ ያገለገለ ስፒከር ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ የድግስ ዲጄ ጋ ነው። እስከ ጥግ ከፍቶት «ቤዝ ማለት ይሄ ነው፣ አባቴ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደረቴን መታኝ። ግን ቤዝ ጊታሩ ወጣም ወረደም፣ ለእኔ የሚሰማኝ ያው አንድ ዓይነት ድም ድም ነው። አመስግኜው ወጣሁ። ሁለተኛው ጥንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። መሃል ላይ መሰማት ያለበት የዘፋኝ ድምፅ ግን ወደ ግራ ዘመም ይላል። ጠጋ ብዬ ሳይ የአንደኛው የድምፅ ማውጫ ወረቀት ተቀይሯል። ሻጩ «ዓይንህ ነው እንጂ ምንም የለበትም» አለኝ። ጆሮዬ ቀድሞ የነገረኝን ነገር!

ሦስተኛዎቹ አንዲት ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሻን ጋ ነበሩ። ልጃቸው ቤት ሊገቡ ስለሆነ ዕቃ እየቀነሱ ነው። ስፒከሮቹ ከጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጡም፤ ጠርዛቸው ተፋፍቋል። ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል አርቀው፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋቸዋል።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ። «በማታውቀው ዘፈን ስፒከር አይመረጥም።»

ፍላሼን ሰጠኋቸው። የጨረስኩትን የመጀመሪያውን ዘፈን ከፈቱትና ግማሽ ሳይደርስ አቆሙት።

«ቤዝ የሚጫወተው ማነው?»

«እህቴ ናት።»

«ታዲያ የታለች?»

እታለም፣ አንቺም ያኔ ዘፈኑን ጨርሼ ያሰማሁሽ ቀን ይሄንኑ ነበር የጠየቅሽኝ። «እኔ የታለሁ?» ብለሽ። እኔ ግን ድምፃዊው ፊት፣ «ጣትሽ ደካማ ስለሆነ ነው፤ የሌለ ነገር ከየት ላምጣ?» አልኩሽ። ቤዝሽን ቦርሳው ውስጥ ከትተሽ፣ ዚፑን ዘግተሽ ወጣሽ። ፋርማሲ ሥራ አግኝተሽ ከተማ መቀየርሽን እንኳ የሰማሁት ከእማዬ ነው።

ፍላሹ ላይ የአንቺ ቤዝ ብቻውንም ነበር። ሴትዮዋ እሱን ከፈቱት። ኖታው ሁሉ ለየብቻው ተሰማኝ፤ የቱ ጋ ጠበቅ እንዳደረግሽ፣ የቱ ጋ ጣትሽ ገመዱ ላይ ተንሸራቶ እንደተነሳ። ዝቅ ያሉት ኖታዎች አላበጡም፣ አልጠፉምም። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ይቺ ልጅ ዘፈኑን ተሸክማው ነው የምትሄደው» አሉ። «ማነው እንዲህ አድርጎ የቀበራት?»

«እኔ ነኝ።»

እሳቸው ግን አልተቆጡኝም። «ስማ፣ ትንንሽ ስለሆኑ የመጨረሻውን ዝቅታ አይሰጡህም። የሚሰጡህን ግን በትክክል ነው የሚሰጡህ። ብቻ ግድግዳ እንዳታስጠጋቸው» ብለው ገመዶቹን ጠቅልለው አስያዙኝ።

ሳምንቱን ሙሉ አራቱንም ዘፈኖች ከዜሮ ጀምሬ አስተካከልኳቸው። ሁለተኛው ላይ ሁለት ቦታ ቸኩለሽ ከከበሮው ቀድመሻል፤ እሱንም ሰምቻለሁ። ሳልነካው ትቼዋለሁ። ከዚያ ድምፃዊውን ጠርቼ አሰማሁት።

«በመጨረሻ ያን ቤዝ ተጫዋች አስቀረጽከው?» አለኝ።

«እሷው ናት። ያን ቀን ፊትህ ያልኳት ነገር ልክ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ለእሷ ንገራት እንጂ» አለኝ። ይኸው እየነገርኩሽ ነው። አጥፍቻለሁ። የባሰው ደግሞ የእኔን ስህተት ያንቺ ድክመት አድርጌ ሰው ፊት መናገሬ ነው። ይቅር በይኝ።

ሊመጣ የነበረውን ቤዝ ተጫዋች ደውዬ አስቀርቼዋለሁ። ዘፈኖቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፍላሽ ልኬልሻለሁ፤ ባገኘሽው ነገር ስሚያቸው። ይውጡ ካልሽ ስምሽ ተጽፎባቸው ይወጣሉ። አይሆንም ካልሽም መብትሽ ነው፤ ከልጆቹ ጋር የምጋፈጠው እኔ ነኝ። ባንቺ ቦታ ግን ማንም አይጫወትም።

እስክትጽፊልኝ ደህና ሁኚልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ