አመራት ላይ ያሳደግኸው አፈር

ለምወድህ ለደርዬ፣

ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ሰው ሁሉ ለወጉ ይጽፈዋል፤ እኔ ግን እውነት ሆኖብኝ ነው። ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው የሙስካት ሙቀት እየገባ ነው። ጭቃ የጠገበው ቦቲህ አሁንም ደጃፉ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ አንሺው ይሉኛል፤ እሺ እላለሁ፤ አላነሳውም።

የቤታችንን ወሬ ልንገርህ። አሁንም አል አመራት፣ ከኡም ሳሊም ግቢ ጀርባ ባለችው፣ ሙልሃቅ በሚሏት ተቀጥላ ቤት ውስጥ ነኝ። አከራያችን ጉልበቷን ታማ ከርማ አሁን በከዘራ ትሄዳለች፤ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው። ልጇ ሳሊም አግብቶ ወጣ። ፍየሎቿ ረብተዋል። ኤሲያችን ካንተ የለመደውን ማንኮራፋት አልተወም፤ እርሱን እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ ብልህ ትስቅብኝ ይሆናል። እኔም ያው ሩዊ ሰፈር ጸጉር ቤቱ ውስጥ ሌሎችን ሳስውብ ውዬ የራሴን ጸጉር በሻሽ ጠቅልዬ እገባለሁ። ይህ ሁሉ ግን ተራ ወሬ ነው። ልነግርህ የተቀመጥኩት ስለ ጓሮህ ነው።

መጀመሪያ ስንገባ ምን እንደነበር ታስታውሳለህ? ጠጠር፣ የግንበኛ ፍርስራሽ፣ ከላዩ ነጭ አቧራ። እኔ ለልብስ ማስጫ ጥሩ ነው አልኩ። አንተ ግን የእርሻ ኮሌጅ ትምህርትህ ትዝ ብሎህ ቁጢጥ አልክና ጥቂት ዘግነህ፣ ይሄ ገና አፈር አልሆነም፣ ሕይወት የለበትም አልከኝ። ቀን የሆቴሉን አትክልት ስትንከባከብ መዋልህ አንሶህ ከሥራ መልስ ጠጠር ለቃሚ ሆንክ።

በዚያው ሰሞን ኡም ሳሊም ወደ አባቷ መንደር ስትሄድ ዕቃ ልታግዝ አብረሃት ሄደህ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ተምር ተሸክሞ ሲመለስ አንተ በከረጢት አፈር ተሸክመህ መጣህ። ከተምር ዛፎቹ ሥር፣ ፈለጅ ከሚሉት የመስኖ ቦይ ዳር የዛቅኸው፣ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ትል የሚርመሰመስበት አፈር ነበር። ኡም ሳሊም ሳምንቱን ሙሉ ሳቀችብህ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ተሳቀቅሁ። አንተ እቴ! የፍየል በጠጥ፣ ሆቴሉ የጣለው የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የከተፍከው የተምር ቅጠል ደባልቀህ ያንን አፈር መሐሉ ቀበርክ። ፀሐይ እንዳያገኘው በካርቶንና በደረቅ ቅጠል አለበስከው። የጉድጓዱ ውኃ ጨው አለው፣ ይገድላቸዋል ብለህ ከኤሲው የሚንጠባጠበውን በባልዲ እያጠራቀምክ አጠጣኸው።

ትሉ መሬቱን እየቦረቦረ ለውኃና ለአየር መንገድ ይከፍታል፤ በዓይን የማይታዩት ደግሞ ቅጠሉን አድቅቀው ለሥሩ ያቀርባሉ፤ እንደ ክር የቀጠኑት ነጭ ሻጋታዎች ውኃና ምግብ ከሩቅ እያመጡ ከሥሩ ስኳር ይቀበላሉ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ጎረቤት የምታማልኝ ይመስለኝ ነበር፤ ማን ለማን ምን እንደሰጠ፣ ማን ማንን እንደበላ። ሐሜት ነዋ፣ ስለዚህ ጆሮዬን ሰጥቼ እሰማህ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ጸጉር አምጪልኝ አልክ። ቀለም ያልነካው፣ ቀስ ብሎ የሚበሰብስ፣ ለፍጥረታቱ ስንቅ የሚሆን። የምሠራው ሐበሻ መሐል መሆኑን ረስተኸዋል። የተቆረጠ ጸጉር በፌስታል ስቋጥር ያየች ሁሉ መተት ልታሠራ ነው ብላ አወራች። አንዷ ደንበኛዬማ ከወንበሩ ሳትነሳ ከወለሉ ላይ ያለውን ሁሉ አስለቅማ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች። ይህንን ስነግርህ መሬት ላይ ተቀምጠህ እንባህ እስኪፈስ ሳቅህ። ቤቱ ውስጥ የጎደለው ያ ሳቅ ነው፣ ደርዬ። ሌላውን ሁሉ ለምጄዋለሁ።

የብስባሹ ሽታ ሲያንገፈግፈኝ፣ አፈር ስሆን ይሄን ነገር አርቅልኝ ብዬ ብለምንህ፣ አፈር መሆን በቀላሉ የሚገኝ ማዕረግ አይደለም ትለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን አፌን አስያዝከኝ። ከዚያ ጠጠር ላይ ጎመን ቆርጠን በላን፤ ቃሪያው ለጎረቤት ተረፈ፤ ጤና አዳሙ ከበሩ ጀምሮ ይሸት ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ሕመም መጣ። አስከሬንህ ወደ ጎጃም ሲሄድ የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ስለነበር አብሬህ መሄድ አልቻልኩም። ቀብርህን በስልክ ነው ያየሁት። ባሏ የሞተባት ሴት መቃብሩ ላይ ወድቃ ታለቅሳለች፤ እኔ የምወድቅበት ቦታ አልነበረኝም። ስለዚህ ጓሮህ ውስጥ መቀመጥ ጀመርኩ። ከሥራ ስገባ ካርቶኑን ገለጥ አድርጌ እጄን አፈሩ ውስጥ እሰዳለሁ። ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። በዚህ አገር ካንተ የተረፈኝ፣ በእጄ የምነካው ነገር እርሱ ብቻ ነበር።

አርባህ ሲደርስ የማኅበራችን ሴቶች ሊያግዙኝ መጡ። እትዬ ዘነበችን ታውቃቸዋለህ፤ ያለ በረኪና መንግሥተ ሰማያት የሚገባ አይመስላቸውም። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ሟች የሚዘከርበት ቤት እንዲህ ቆሻሻ ተከምሮ ሰው አይጠራም ብለው፣ ከጓደኛዬ ከትርንጎና ከሌሎቹ ጋር ጓሮውን አጸዱት። ካርቶኑን ገፈፉት። ቅጠሉን ጠረጉት። ብስባሹን በጆንያ ሞልተው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ገንዳ ወሰዱት። ትል ሲያዩማ ጊዜ አልሰጡትም፤ የተባይ መርዝ ነፍተው በበረኪና አጠቡት።

ስገባ ጓሮው እንደ ሆስፒታል ይሸት ነበር። እትዬ ዘነበች ላብ አጥምቋቸው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ "አሁን እንኳ ሰው የሞተበት ግቢ አይመስልም" አሉኝ። አቅፌ ሳምኳቸው። ምን እላለሁ? ከሰው ቤት ሥራ የተረፈቻቸውን አንዲት የዕረፍት ቀን ለአንተ አርባ የሰጡ ሴቶች ናቸው። አገር ቤት ቢሆንም ይህንኑ ነበር የሚያደርጉት፤ የሐዘንተኛን ግቢ መጥረግ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ሙቀቱ ወዲያው ከተፍ አለ። የተራቆተው አፈር ነጭ ቅርፊት አወጣ። ውኃ ባፈስበት አልጠጣ ብሎ ላዩ ላይ ቆሞ ይተናል። ቃሪያው ተኮማተረ፤ ጤና አዳሙ እንደቆመ ደረቀ። በማንኪያ ቆፈርኩት፤ አንድ ትል እንኳ የለም። ሆስፒታል ሞትህን ያረዱኝ ጊዜ ሰው ደግፎኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ብቻዬን ነበርኩ። ሁለተኛ የሞትክብኝ መስሎኝ ጮኼ አለቀስኩ። ኡም ሳሊም በከዘራዋ እያነከሰች መጥታ፣ ምን እንደሆንኩ ሳትጠይቅ አጠገቤ ቆመች።

በሐምሌ አንድ ዓርብ ዳርሰይት ሰፈር ትርንጎ ቤት ሄድኩ። ልብስ ልታወርድ ጣሪያው ላይ ስትወጣ ተከተልኳት። ከውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር የተቆረጠ ሰማያዊ በርሜል አየሁ። እዚያ ቤት የገባች ጊዜ ከዚሁ ከጓሮህ አፈር ሞልተህ፣ ቃሪያ ተክለህበት የሰጠሃት ነው። እኔ ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ከላይ የተደረገውን ካርቶን ገለጥኩት። አፈሩ ጥቁር ነው። አንድ ትል ብርሃኑን ሸሽቶ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ዝናብ የመታው መሬት ሽታ ሸተተኝ፤ ያንን ሽታ የሚሠሩት እዚያ ውስጥ ያሉት ጥቃቅኖች ናቸው ያልከኝ።

ትርንጎን እርሾ ስጪኝ አልኳት። አገር ቤት እርሾ ያለቀባት ሴት ወደ ጎረቤት እንደምትሄደው፣ አንዳንዴም ቀድሞ ከራሷ ቤት የወጣውን መልሳ እንደምትወስደው። መጀመሪያ አልገባትም። አመራት ያለው አፈር ለምን እንደሞተ ስነግራት ግን በረኪናውን የደፋችው እርሷ መሆኗ ትዝ አላትና እዚያው ጣሪያው ላይ ቁጭ አለች። "ኻላስ፣ በቃ፣ በርሜሉን እንዳለ ውሰጂው" አለችኝ። እንቢ አልኩ። እርሾ ተጠርጎ አይወሰድም፤ ከሰጪው ቤትም ማደር አለበት። ግማሹን በሁለት ባልዲ ቀዳንና እርጥብ ጨርቅ አልብሰን ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ የአፈሩ ሽታ አጠራጥሮት የዋዲ ዓዳይን ሸለቆ እስክናልፍ አጉረመረመ። እኛ ዳገቱ ላይ እንዳይደፋብን በጉልበታችን መሐል ጥርቅም አድርገን ይዘነው ነበር።

ያንን ሁሉ ያደረግኸውን እንደገና አደረግሁት። ኡም ሳሊም በጠጡንም፣ ከፍየሎቹ ዳስ የተረፈውንም የጥላ መረብ ሰጠችኝ። ትርንጎ ዓርብ ዓርብ እየመጣች የኤሲውን ውኃ ታጠጣለች። እትዬ ዘነበችም ወሬውን ሰሙ፤ ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም። አንድ ቀን በር ላይ ሲደርሱ በፌስታል የሙዝ ልጣጭና የሽንኩርት ገለባ ይዘው ነበር፤ እንደ ዓመት በዓል ስጦታ በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። አሁን ሳያመጡ መጥተው አያውቁም።

ለወራት ምንም አልታየም። ቢሞትስ እያልኩ ሥራ ላይ እጄ ይስት ነበር። ጥር ላይ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ ካርቶኑን ስገልጥ ነጭ ክሮቹ ደረቁን ቅጠል ተብትበውት አገኘሁ። ውኃው ላዩ ላይ አልቆመም፤ ገብቷል። ሙት ዓመትህን ስናወጣ የጓሮህን ጎመን ለሰው አቀረብኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ሙሉጌታ ከአገር ቤት ደወሉ። ቤተሰቡ መክሯል፤ መቃብርህን በሲሚንቶ ደፍኖ ላዩን እብነ በረድ ሊያለብስልህ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለሟቹ ክብር የሚያደርገው ነው። ሚስቱ ሳትፈቅድ አይሆንም ብለው ነው የደወሉት፤ እግዚአብሔር ያክብራቸው። ምን ይጻፍበት አሉኝ። ነገ ልመልስልዎት አልኩና ጓሮ ወጣሁ።

ደርዬ፣ ቀብርህን በስልክ ካየሁ ጀምሮ ለማንም ያልነገርኩት ፍርሃት ነበረኝ። ትል። አንተንና ያንን ቃል አንድ ላይ ማሰብ አልችልም ነበር፤ ሐሳቡ ሲመጣብኝ የያዝኩትን ማበጠሪያ እጥል ነበር። ያን ቀን ግን እጄን አፈርህ ውስጥ ሰድጄ ስቀመጥ አንዷ በጣቶቼ መሐል አለፈች፣ አልሰቀጠጠኝም። አሁን አውቃቸዋለሁ። የወደቀውን ቅጠል ምን እንደሚያደርጉት በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያስፈራው የሞተ አፈር ነው፤ እርሱንም አይቼዋለሁ።

በማግስቱ፣ "ጋሽዬ፣ ራስጌው ላይ መስቀልና ስሙ ይበቃዋል፤ ላዩን አትድፈኑት፣ ዝናብ ይግባበት" አልኳቸው። ሰው ምን ይለናል፣ ሚስቱ ሰስታ ነው ይባላል አሉ። ይበሉ አልኩ። እኔ የማውቀው ባሌ ምን ይወድ እንደነበር ነው አልኳቸው። እርሳቸውም ገበሬ ናቸውና፣ እንግዲህ ሣር ይብቀልበት አሉኝ።

ወረቀቴ ታድሷል። ክረምቱ ሳይወጣ እመጣለሁ፤ ጓሮውን ትርንጎና እትዬ ዘነበች ይይዙልኛል። ዝናቡ ባይቆምም እጠጋሃለሁ፤ ሣሩን ገለጥ አድርጌ እጄን እሰድዳለሁ፤ የምወድቅበት ቦታ ስላገኘሁ እስኪወጣልኝ አለቅሳለሁ። ረስታኛለች ብለህ እንዳትሰጋ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ላይህ ላይ ሲሚንቶ አይፈስም።

ሚስትህ እልፍነሽ