በቀለ የነቀለው ወለል

ሰኞ፣ ማርች 4፣ 1996፣ ማታ

ዛሬም ራት ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ። ሂሩት ድስቱን ማሽኑ ላይ አሳረፈችው። ልጃችን ሊያ በሳቅ ሞተች። ወጥ ቤታችን ወለል የለውም። በቀለ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መጥቶ የመጨረሻዎቹን ጣውላዎች ነቀለ።

ደብተሬ፣ በቀለን ታውቂዋለሽ። ዛሬ ግን ደስ ብሎኛልና ደግሜ ልጻፈው። ተማሪ ሆነን ስዊድን ስንመጣ አንድ ክፍል ነበረን። ደህና ካፖርትም አንድ፤ ፈተና ያለበት ይለብሰዋል። የአባቴን ሞት ያረዳኝ እሱ። ሚዜዬም እሱ። መሐንዲስ ነው። በዚያ ክሪስ በሚሉት የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ኩባንያው ሲዘጋ ከሥራ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ነጭ መኪና ገዝቶ ቤት ያድሳል። ዋጋውን ቁርጥ አድርጎ በጽሑፍ ኦፈርት፣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሰጠን። ተጨባበጥን። ሂሩት ሌሎችም ዋጋ ይስጡን ብላ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በቀለ እያለ ሌላ ሰው?

ረቡዕ፣ ማርች 6

በቀለ መ/ቤት ደወለልኝ። ከወለሉ ሥር እርጥበት አለ፣ ተሸካሚዎቹ እንጨቶች በስብሰዋል፣ ሁሉም መለወጥ አለባቸው ይላል። በኦፈርቱ ላይ የኦፈርቱን ግማሽ ያህል ጨምሩ ነው ነገሩ። ንግግሩ የሌላ ሰው። ቀልድ የለ፣ እንደ ወትሮው «ታዴ» ብሎ መጥራት የለ። እንደ ደንበኛ አናገረኝ።

ማታ ሂሩት የበሰበሰውን ልየው አለችው። መኪናዬ ላይ ጭኜ ወስጄ ጥዬዋለሁ አላት። ሁሉንም? ሁሉንም። ጓንቱን እያወለቀ ነበር የሚመልስላት። አንዴም ቀና አላለም።

አርብ፣ ማርች 8

ከፈልኩ። በምሳ ሰዓት ኪስታ ወርጄ ከባንክ አወጣሁ። ለሊያ የክረምት ጉዞ ያስቀመጥነው ነበር። ሂሩት ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም። የመጨረሻ ቃሏ ስዊድናዊ ቢሆን ኖሮ ታምነው ነበር ወይ የሚል ነው። እሷ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው፤ ሳታይ የምታምነው ነገር የለም። እኔ ደግሞ በቀለን በማየት አይደለም የማውቀው አልኩ። ያን ጊዜ ትክክለኛ መልስ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ማርች 12

አሁን ደግሞ ቧንቧ። ቧንቧውም አርጅቷል፣ ሌላ ጭማሪ። ሂሩት ከምድር ቤት ወጥታ ፊቱ ቆመች። አልጮኸችም። ባትጮኽም በቀለ ላብ አጠመቀው። እስከ አርብ አስቡበት ብሎ ወጣ። ሻይ እንኳን አልጠጣም። ድሮ እኮ ሳይበላ ከዚህ ቤት የማይወጣ ሰው ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 13፣ ከቀትር በኋላ

ትኩሳት ይዞኝ ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። በረዶ ይዘንባል፣ የከተማ ባቡሩ፣ ፔንደሉ፣ ዘግይቶ ነበር። ቤት ማንም የለም። በቀለም የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንድንረማመድበት ወጥ ቤቱ ላይ ሰፋፊ ሳንቃዎች አልብሶበታል። ውኃ ልቀዳ ሄድኩ።

ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። አንዱን ሳንቃ ብድግ አደረግሁት። እንጨቶቹ አሉ። አሮጌዎቹ ራሳቸው፣ ከቤቱ ጋር የተሠሩት። በእጄ ዳሰስኳቸው። ደረቅ። አንድም አዲስ እንጨት የለም። ሁለተኛውን አነሳሁ፣ ሦስተኛውን። ደረቅ። ደረቅ።

መልሼ አለበስኩት። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሬ፣ ያለቀስኩት ለገንዘቡ አይደለም። የዚያ የተማሪነት ክፍላችን መስኮት ትዝ አለኝ፤ ሌሊት ታምሜ እሱ ቁጭ ብሎ ያደረበት።

ለሂሩት አልነገርኳትም። ትኩሳት ነው አልኳት።

ሐሙስ፣ ማርች 14

ሥራ አልሄድኩም። በቀለ ጠዋት ሲገባ ፒጃማ ለብሼ ጠበቅሁት። ሳንቃውን አንስቼ ትቼዋለሁ። አየው። እኔን አየኝ። መሣሪያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም። እንደዚህ ነው ነገሩ። ከመኸር ወዲህ ከእኛ ሌላ ሥራ የለውም። ሃግሴትራ ያለው ቤቱ ኪራዩ ተጠራቅሟል፣ ልቀቁ ተብለዋል። ሚስቱ ጽጌ አታውቅም። በየጠዋቱ የሥራ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፣ ኪስታ የገበያ ማዕከሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል፣ ማታ ደክሞኛል ብሎ ይገባል። እኛ እኮ በየሳምንቱ ቤ/ክ አጠገብ ለአጠገብ ነው የምንቀመጠው።

«በቄ፣ ለምን አልጠየቅኸኝም?» አልኩት።

«ብጠይቅህ ትሰጠኝ ነበር» አለኝ። «እሱን ነው ያልቻልኩት።»

ሌባ መባል ይሻላል ወይ ልለው ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ፊቱ ላይ አየሁት፤ ለእሱ ይሻላል።

አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። ለጽጌ እንዳትነግር፣ ለቤ/ክም። ለሂሩትም ቢሆን። ቃል ሰጠሁት። ገንዘቡንም ተወው አልኩት። ይህን ስለው ከሁሉ የባሰ ፊቱ ጠቆረ። መዶሻውን አንስቶ ሥራውን ጀመረ። ቀኑን ሙሉ እሱ ወጥ ቤት፣ እኔ አልጋ ላይ፣ ድምፁን እየሰማሁ። እንደ ተማሪ ቤታችን ጊዜ ማለት ነው፣ ግድግዳ ቢኖርም።

አርብ፣ ማርች 15

ሂሩት ስለ ቧንቧው ምን ተባባላችሁ አለችኝ። ጉዳዩ አልቋል፣ ጭማሪ የለም አልኳት። ለምን ተወው? አልቋል አልኩሽ። የመጀመሪያውስ ጭማሪ? ቦርሳዬን አነሳሁ። ሥራ ሄድኩ።

11 ሰዓት ላይ ስመለስ ሳሎን ተቀምጣለች፣ ስልኩ ጭኗ ላይ። ጽጌ ጋ ደውላለች። ባልሽ ጓደኛውን እያለበ ነው፣ ባሌ ደግሞ አፉን ተለጉሟል ብላታለች። ጽጌ መጀመሪያ ስቃ ነበር አሉ። ሥራው እንዲህ በዝቶለት፣ ከእናንተ ሊወስድ? ሦስት ቤት ይዞ የለም ወይ? ሂሩት የቱን ቤት አለቻት። አንዱንም መጥራት አቃታት።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ከረፈደ። አፏን በእጇ ይዛ ሰማችኝ። «ለምን ትናንት አልነገርከኝም?» አለች። ቃል ገብቼ ነበር አልኩ። ሊያ መጥታ በስዊድንኛ ምን ሆናችሁ አለችን። እንዴት ብዬ ነው የማስረዳት፣ በየትኛውስ ቋንቋ?

በቀለ ቤት ደወልኩ። አይነሳም።

እሑድ፣ ማርች 17

ቤ/ክ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ። አንድ ወንድም ሊቀመጥ ሲል ተይዟል አልኩት። እስከ መጨረሻው ተይዞ ቆየ።

ጽጌ ልጆቹን ይዛ ከኋላ ነበረች። ስንወጣ ሂሩት ሮጣ ደረሰችባት። ከሩቅ ነው ያየሁት። ጽጌ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻል ነበር። በቀለ አርብ ማታ ሁሉንም ነግሯት፣ ልጆቹን ስሞ፣ ጎተቦርግ ያለ የአጎቱ ልጅ ዘንድ ሄዷል። እሷ ቤቱን ለቃ እህቷ ጋ ትገባለች። ያናደደኝ ውሸቱ አይደለም ብላለች። አብሬው ልቸገር አለመፍቀዱ ነው።

ሂሩት ፔንደል ውስጥ እስከ ሰፈራችን ሶለንቱና ድረስ አለቀሰች። ሰው ያየናል አላለችም፣ እሷ እንኳን።

ረቡዕ፣ ማርች 20

መሣሪያዎቹ እንዳሉ አሉ። መጋዙ፣ መዶሻው፣ የጉልበቱ ትራስ። ወለሉ ግማሽ ነው። ሂሩት ሌላ ሠራተኛ አይግባበት አለች። በፊት ሌላ ሰው ያለችው እሷ ናት። ምድር ቤት እንበላለን። ማሽኑ ላይ ድስት ሲቀመጥ ከእንግዲህ የሚስቅ የለም።

አርብ፣ ማርች 22

ከሥራ ስንመለስ ቤቱ ቨርኒሽ ቨርኒሽ ይሸታል።

ወለሉ አልቋል። ከጥግ እስከ ጥግ። አንድ ክፍተት የለው፣ አንድ ምስማር ብቅ ያላለበት። ቧንቧው እንደነበረው ነው፣ ደህና ነበርና። መሣሪያዎቹ የሉም። የሰጠነውን የቤት ቁልፍ በበሩ የፖስታ ቀዳዳ አስገብቶት ሄዷል። ቀን፣ ማንም በሌለበት፣ ከጎተቦርግ ድረስ መጥቶ። ጫማችንን አውልቀን ደፉ ላይ ቆምን፣ ሦስታችንም። ሊያ፣ ከስንት ጊዜ አንዴ በአማርኛ፣ ጋሽ በቀለ ተመለሰ ወይ አለች። አልተመለሰም አልኳት።

ቅዳሜ፣ ማርች 23

ጽጌ ስልክ ቁጥሩን ሰጠችን። ደወልኩ። ራሱ አነሳ። ታደሰ ነኝ አልኩ። ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሌላ ነገር ጠፋብኝ፣ ወለሉ አምሯል አልኩት።

«ገና አልደረቀም» አለኝ። «እስኪደርቅ አትርገጡት።»

ዘጋው። ደግሜ ደወልኩ። አላነሳም።

ሂሩት ሂድ አለችኝ። እኔም ወስኛለሁ። የነገ ጠዋቱን ባቡር እይዛለሁ፤ ቤ/ክ ይቅር። አድራሻውን ጽፌ ይዣለሁ። ምን እንደምለው አላውቅም። ገንዘብ አልይዝም፣ ስለ ገንዘብም አላነሳም። ካልከፈተልኝ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ፣ መቼም መውጣቱ አይቀርም። ከከፈተልኝ ደግሞ ገብቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ እንደ ቤ/ክ።