ወንድማማቾች አይጣሉም፦ የአሰልጣኝ ዓለምሰገድ ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክ

አሰልጣኝ ዓለምሰገድ ወልደጻድቅ፣ ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአባታቸው ከአቶ ወልደጻድቅ ተክሌ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አጸደ ሀብተ ሚካኤል ጥር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ሽመክት ተወለዱ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ አልጋ ተኝተው፣ በአንድ ብርድ ልብስ ሲታገሉ አደጉ። እናታቸው "ቤቱን ሳታፈርሱት ውጡልኝ!" ብለው ሲያባርሯቸው፣ ትግሉ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ይቀጥል ነበር።

አሰልጣኝ ዓለምሰገድ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ በ1971 ዓ.ም. በስፖርት መምህርነት ተመረቁ። በትምህርት መካከለኛ፣ በግትርነት ግን የክፍሉ አንደኛ እንደነበሩ አብረዋቸው የተማሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወይንሸት ታፈሰ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። ወ/ሮ ወይንሸት ባለቤታቸውን በክርክር ረትተው እንደማያውቁ፣ ግን ሁልጊዜ ያሰቡትን እንዳስፈጸሙ ይናገራሉ።

በነጻ ትግል ስፖርት ከተማቸውን ወክለው ብዙ ሜዳሊያ አግኝተዋል። በሕይወታቸው ትልቁ ውድድር ግን የተሸነፉበት ነው። በ1977 ዓ.ም. በክፍለ ሀገሩ የፍጻሜ ግጥሚያ ከፊታቸው የቆሙት፣ ሁርሶ ሠልጥነው ለጦሩ ቡድን ይወዳደሩ የነበሩት ወንድማቸው አቶ ሽመክት ነበሩ። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ጮኸ። አቶ ሽመክት ታላቃቸውን ከወገባቸው አንሥተው ጣሉ፤ የአሰልጣኝ ዓለምሰገድ ጀርባ ምንጣፉን ነካ፤ ዳኛው ፊሽካ ነፋ። የጣለ የወደቀውን ማንሣት የትግል ወግ ነውና አቶ ሽመክት እጃቸውን ዘረጉ። አሰልጣኝ ዓለምሰገድ ግን እጁን ሳይዙ ተነሥተው፣ በዙሪያቸው ለነበሩት "ታናሼ አይደል፣ ለቀቅሁለት" አሉ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በማግስቱ ቃሉ ከተማውን አዳርሶ ነበር። የአቶ ሽመክት ድል የታላቅ ወንድም ምጽዋት ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ መነጋገር አቆሙ። አቶ ሽመክት ከጦሩ ወጥተው ታይዋን ገበያ የልብስ ሱቅ ከፈቱ። ድሬዳዋ ለተኳረፈ ሰው ጠባብ ከተማ ናት፤ ቢሆንም ተላልፈው ኖሩ። በ1990 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ እንኳ በአንድ ድንኳን ሁለት ጫፍ ተቀመጡ። ይህ ቤተሰቡን እጅግ ያሳዘነ ነገር ነበር።

አሰልጣኝ ዓለምሰገድ በ1996 ዓ.ም. ከዚራ ውስጥ የታዳጊዎች የትግል ክበብ አቋቋሙ። የክበቡ የውጭ ግድግዳ አቶ ሽመክት ማታ ወደ ቤታቸው የሚሄዱበትን መንገድ ያያል። እዚያ ላይ በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርገው፣ "ወንድማማቾች አይጣሉም" ብለው አስጻፉ። ሽማግሌ ከመላክ ግድግዳ ማስቀባት የቀለላቸው ይመስላል። ችግሩ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አለማሳየቱ ነው። አሰልጣኙ "አይጣሉም" ያሉት ጠብቆ እንዲነበብ፣ ጠብ ይብቃ ለማለት ነበር። አቶ ሽመክት ግን አላልተው አነበቡትና "ዛሬም መሬት አልነካሁም ይለኛል!" ብለው መንገድ ቀየሩ። ግድግዳው ተስፋ ሳይቆርጥ ቆየ፤ ባለቤቱም ቀለሙ በደበዘዘ ቁጥር እያሳደሱ ጠበቁ።

በ2006 ዓ.ም. የታይዋን ገበያ ጎረቤታቸው ወ/ሮ ሃሊሞ ከአቶ ሽመክት ጋር በባጃጅ ሲመለሱ፣ አቶ ሽመክት ሹፌሩን ዞረህ ሂድ አሉት። ምክንያቱን ጠይቀው ሲነገራቸው ወ/ሮ ሃሊሞ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። "ዋሪያ ሽመክት! አማርኛ ያንተ ነው የኔ? 'ሉ'ዋን ጠበቅ አርገህ አንብባት እንጂ! ወላሂ፣ ሰውየው ታረቀኝ ነው የሚልህ!" አሉ። አቶ ሽመክት "እሺ፣ ግድግዳው ታረቀኝ። አፉስ?" ሲሉ መለሱ።

ወ/ሮ ሃሊሞ ይህን መልስ ሳይቀንሱ ለአሰልጣኝ ዓለምሰገድ አደረሱ። አሰልጣኙ በምንም ነገር ተሸነፍኩ ብለው የማያውቁ ሰው ስለነበሩ፣ የመልሱ ክብደት ገባቸው። በሚቀጥለው እሑድ በክበቡ ውድድር ላይ፣ ወላጆችና ሠልጣኞች በተሰበሰቡበት ድምፅ ማጉያውን ያዙ። "በሰባ ሰባት ወንድሜ ሽመክት ጣለኝ። አልለቀቅሁለትም። ያለኝን ጉልበት ሁሉ አውጥቼ ነው የወደቅሁት፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ" አሉ። በወ/ሮ ሃሊሞ ጉትጎታ መጥተው በር ላይ ቆመው የነበሩት አቶ ሽመክት፣ በምንጣፉ መሐል አቋርጠው ሄዱ። ልጆቹ ድብድብ መስሏቸው አንዱ ፊሽካ ነፋ። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን።

ከዚያ በኋላ ክበቡ ሁለት አሰልጣኝ ነበረው። ስለ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሳይከራከሩ የዋሉበት ቀን አልነበረም፤ ግን ክርክሩን እዚያው ጨርሰው፣ አብረው ምሳ በልተው ነበር የሚለያዩት። ብዙ ወጣቶች በእጃቸው አልፈው ለከተማቸው ተወዳድረዋል።

በ2016 ዓ.ም. አሰልጣኝ ዓለምሰገድ በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። አቅም እያነሳቸው እንኳ ወንበር ላይ ሆነው ልምምድ ከመምራት አልቦዘኑም። ሕመሙ ሲበረታ ሴት ልጃቸውን ማርቲን ጠርተው "የሕይወት ታሪኬ ሲነበብ ያሸነፍኩትን ብትዘነጊው ግድ የለኝም። ሽመክት የጣለኝን ግን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ" ሲሉ አደራ ሰጡ። ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

አሰልጣኝ ዓለምሰገድ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ወይንሸትን፣ ልጆቻቸውን ማርቲንና ኢዮብን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና ወንድማቸውን አቶ ሽመክትን ትተው አልፈዋል። ማርቲ ይህን ጽሑፍ ትናንት ለቤተሰቡ ስታነብ፣ አቶ ሽመክት የሰባ ሰባቱ ግጥሚያ እንዲወጣ ለምነው ነበር። "እባካችሁ፣ በቀብሩ ቀን ወንድሜን አትጣሉብኝ" አሉ። ቤተሰቡ ግን የሟቹን አደራ አስቀድሞ፣ እነሆ፣ በሁላችሁም ፊት ጮክ ብሎ አንብቦታል።

መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማረፊያ ያድርስልን፤ ለወንድማቸው ለአቶ ሽመክት፣ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ላሠለጠኗቸው ሁሉ ብርታቱን ያድልልን። አሜን።