የራዲያተሩ ጭቃ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

የሟቹን ባለቤቴን መኪና መካኒኩ ታደለ ዛሬ ፈታት። ሞተሯ እንደ ያኔው እየፈላ አስቸግሮ ነበር። ራዲያተሩን ገልብጦ ቢያንኳኳው ጭቃና የሐይቅ ሣር ተዘረገፈ። ሞተሩን የሚያበርደው ውሃ መዞሪያ አጥቶ ኖሯል።

«የጣናን ውሃ ሳያጣሩ እየሞሉባት እኮ ነው! ምነው ጋሽ ዓለሙ፣ እንዲያ ጠንቃቃ ሆነው!»

አለ ታደለ፣ ሟቹን ባለቤቴን እየወቀሰ።

ጣና ዳር ቁንዝላ ስንኖር የመኪናዋን ውሃ ከሐይቁ ቀድቼ የምሞላው እኔ ነበርሁ። ዓለሙ «በነጠላ አጥሪው» ይለኝ ነበር። ነጠላዬ እንዳይበላሽ ስሳሳ፣ እሱ ሳያይ እንዲሁ እገለብጠው ነበር። ታሞ ወደ ሐኪም ቤት ስናመጣው መኪናዋ ፈልታ መንገድ ላይ ቆመች። እስክትበርድ ስንጠብቅ እቅፌ ውስጥ አረፈ።

ታደለ ራዲያተሩን አጥቦ ገጠመው። ሞተሩን አስነሥቶ ብዙ ቆየ፤ አልፈላም።

«አሁንማ ጎንደር ድረስ ታደርስዎታለች፣ እትዬ!» አለኝ እየሳቀ።

ለካ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

በር ድረስ ሸኘሁት። «ዓለሙ አይደለም፣ እኔ ነኝ» ልለው አፌን ከፈትሁ። የወጣኝ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ነው።