ጎሚኒው ደህና ነበር

ውድ አበልጄ ኒካኖር፣

የእጅ ጽሑፌን አይተህ ሳታነበው ብትቀድደው አልፈርድብህም። ይህችን መስመር ብቻ ግን አንብብልኝ፦ ጎሚኒው ደህና ነበር። አንተ የገጠምከው ጎሚኒ ምንም እንከን አልነበረውም። በጸሎት ቤቱ ግቢ፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት አጭበርባሪ ያልኩህ በከንቱ ነው። ሌላውን ሲሻልህ አንብበው።

የዳቫዎ ከተማ እንዴት ይዞሃል? ወደብ አጠገብ ባለ ጋራዥ ጎማ ትለጥፋለህ ሲሉ ሰማሁ። እዚህ የስንቱን ማሽን ከሞት ያስነሳህ ሰው እዚያ የሞተር ብስክሌት ጎማ ስትለጥፍ ይታየኝና ሳህኔን ገፍቼ እነሣለሁ። እንዲህ ያደረግሁህ እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ግማሹን ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ አንዴ ከጀመርኩ ማንም እንደማያስቆመኝም ታውቃለህ።

ባሌ አምብሮሲዮ ታሞ በከረመበት ጊዜ ትራክተራችንን የነካ ሰው አልነበረም። እሱን ቀብረን ስንመለስ ሣር በቅሎባት ነበር፤ የኋላው የመቆፈሪያ ክንድ በተነሣ ቁጥር ከሲሊንደሩ አንገት ዘይት ይንጠባጠባል። ሳልጠራህ መጣህ። ክንዱን ወደ ላይ ሰቀልከውና ሞተሩን አጠፋህ፤ ሲሊንደሩ ውስጥ በሚገባና በሚወጣው በዚያ በሚያብረቀርቅ ዘንግ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርክ። ከዚያ እጅህን ታጥበህ ቁጭ አልክ።

«በይ ምሳ አቅርቢ።»

«ሥራው አለቀ እንዴ?»

«እኔ ስበላ ክንዱ ይናገራል። ስንመለስ ዝቅ ብሎ መስመሩ ከቦታው ከተነቃነቀ በሽታው ከውስጥ ነው፤ ካልተነቃነቀ ዘይቱን የሚያግደው የአንገቱ ጎሚኒ ብቻ ነው ያረጀው።»

«ሐኪም ሆንክብኝ።»

«ሐኪምማ ብሆን ትልቁን ዓሣ ለእኔ ታወጪ ነበር።»

ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። መስመሩም ከቦታው አልተነቃነቀም። የአንገቱን ጎሚኒ ቀየርክ፣ ዘንጉ ወጣ ገባ አለ፣ አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ለማንም ያልተናገርኩት ነገር በልቤ ነበር። አምብሮሲዮ የሞተብኝ ትራክተሯን ስንገዛ ፓዱጎ ስላላደረግንላት፣ የዶሮ ደም አፍስሰን ስላልመረቅናት ነው ብዬ አምን ነበር። ያኔ ዶሮ ልረድ ስል «ብረት ደም ጠጥቶ ምን ይሆናል» ብሎ የሳቀብኝ እሱ ራሱ ነው። እኔም እሺ ብዬ ተውኩት። ስለዚህ አንተ ጠግነህ እንደጨረስክ ቀዩን አውራ ዶሮ ይዤ መጣሁ። አንተ ምን አልከኝ?

«አበልጅ፣ የመቆፈሪያው ባልዲ ላይ ይበቃል። ዘንጉ ላይ አታፍስሺው።»

«የሚሠራው ክንዱ አይደል? ደሙ የሚገባው ለእሱ ነው።»

ባርኔጣህን አውልቀህ ዶሮው ታርዶ ደሙ እስኪንጠባጠብ ቆመህ ጠበቅህ።

የፓዱጎ ደም እንደማይጠረግ አንተም ታውቃለህ፤ በራሱ መድረቅ አለበት። ደረቀም። ግን ሾፌሬ ቴዎፊሎ ትራክተሯን ለመጀመሪያ ሥራ ሊያወጣት ሲል ዘንጉ ላይ ዝንብ ወርሮበት፣ ደሙ ጠቁሮ ተጋግሮ አየሁት። ባሏ ሲሞት ጊዜ ማሽኑን ጣለችው የሚሉኝ መሰለኝ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦዬን አምጥቼ ፈገፈግሁት። ኒካኖር፣ ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው። እንደ መስታወት ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ ፈገፈግሁት፤ ስጨርስም ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መንጠባጠቡ ተመለሰ። መጣህ፣ ፈታኸው፣ ጎሚኒውን እንደገና ቀየርከው። ስትጨርስ ግን እንደወትሮህ አልቀለድክም።

«ዘንጉን ከተማ ወስደን ላዩን እንደ አዲስ ብናስለብጠው ጥሩ ነው» አልክ።

«ባለፈው ጎሚኒ፣ አሁን ደግሞ ዘንግ! ቀጥሎ ደግሞ ሞተሩን ቀይሪ ልትለኝ ነው?»

«ካልተለበጠ ጎሚኒው አይቆይም፣ አበልጅ።»

«መበለት አገኘህና!»

ይህን ያልኩህ ልጄን ማሪቴስን ክርስትና ያነሣሃትን አንተን ነው። መሣሪያህን ሰብስበህ ሄድክ።

ከዚያ በመንደራችን በዓል ዋዜማ የሆነውን መድገም ያሳፍረኛል፤ ግን ካልደገምኩት ይቅርታዬ ግማሽ ይሆናል። የጸሎት ቤቱን ግቢ የውኃ መውረጃ እየቆፈርንላቸው ሳለ ዘይቱ ሴቶቹ ባነጠፉት አበባ ላይ ፈሰሰ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። አንተ ከሰዎቹ ጋር ድንኳን ስትተክል ነበር። ጠራሁህና አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩህ። አሮጌ ጎሚኒ አጥበህ እንደ አዲስ ገጠምክልኝ አልኩህ። የሞተ ሰው ቤት ትዘርፋለህ አልኩህ። አጭበርባሪ አልኩህ፤ አንዴም አይደለም። አንተ ወደ ክንዱ ሄደህ ዘንጉ ላይ ጥፍርህን በቀስታ አስኬድክ። ቀና ብለህ እኔን አየኸኝ። ሚስትህ ቪዮሌታ አጠገብህ ቆማ ነበር። «ይቅርታ አበልጅ» ብለህ ብቻ ከግቢው ወጣህ።

ይቅርታ ማለትህን ጥፋተኛ ስለሆንክ ነው ብዬ ያዝኩት። ሰውም እንደዚያው ያዘው። የሩዝ መፈልፈያው ባለቤት ማሽኑን ለሌላ ጠጋኝ ሰጠ፣ ጀልባ ያላቸውም መጥራት ተዉህ፤ አንተም መርከብ ተሳፍረህ ሄድክ። መሄድህን ስሰማ «እውነት ቢኖረው አይሸሽም ነበር» አልኩ። ይኸው ምላሴ።

ከከተማ ሌላ መካኒክ አመጣሁ። ጎሚኒውን ዓይኔ እያየ ከነማሸጊያው አስከፈትኩት። በዚህ ሳምንት ዘይቱ እንደገና መጣ። ቴዎፊሎ ከመቀመጫው ሳይወርድ ቁልቁል አየኝ።

«እትዬ ሊጋያ፣ ይሄኛውም አጭበርባሪ ነው ማለት ነው?»

«ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።»

«አይ፣ ከተማው ውስጥ ሐቀኛ ሰው እንዳይጠፋብን ፈርቼ ነው።»

እሱን ላለማየት ጨርቅ አንሥቼ ዘንጉን መወልወል ጀመርኩ። ጨርቁ ያዝ አደረገኝ። ደግሜ ሳስኬደው ክሩ ተመዝዞ ቀረ። ያን ጊዜ አንተ እንዳደረግኸው ጥፍሬን አስኬድኩበት፤ ቀጭን ጭረት፣ ከጎኑ ሌላ ጭረት፣ ከዚያም ሌላ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን የተጠማዘዙ ናቸው። ድስት ስፈገፍግ እጄ የሚሄደው እንዲሁ ነው። ስንት ጎሚኒ ብንቀያይር ያ ጭረት እየሞረደ ይበላዋል። ጨርቁን እንደያዝኩ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ቴዎፊሎም ቀልዱን ተወ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን በዚያው ግቢ ቆምኩ። ዘንጉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በድስት ሽቦ ነው፣ ኒካኖር ንጹሕ ነው አልኩ። የሳቁ ነበሩ። ደግ አደረጉ። የመፈልፈያው ባለቤት መሬት መሬት እያየ ስልክ ቁጥርህን ጠየቀኝ። ቪዮሌታ ግን አልሳቀችም። አንተ ከሄድክ ጀምሮ አፏን ከፍታ ያናገረችኝ ያን ቀን ነው።

«ያውቃል» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አንቺ መሆንሽን። ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈታው ጭረቱን አየ፤ የሽቦሽም ስባሪ ጎሚኒው ላይ ተሰክቶ አገኘ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹የፈገፈገችው ለባሏ ብላ ያፈሰሰችውን ደም ነው። አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ብላት ሐዘኗን ሁለት አደርግባታለሁ› አለኝ።»

«እሺ፣ በሰው ፊት ስሰድበውስ?»

ቪዮሌታ እንደ ሞኝ አየችኝ። «በሰው ፊትማ እንዴት አድርጎ ያሳፍርሽ?»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ሳላውቅ መበደሌ አንድ ነገር ነው፤ እያወቅህ ስድቤን ተቀብለህ፣ ይቅርታ እንኳ ጠይቀኸኝ መሄድህን ግን የት ላድርገው? ለእኔ ክብር ስትል የራስህን ክብር ሰጠህ። እንጀራህን ሰጠህ። ቪዮሌታንም ብቻዋን ተውካት። ደግነትህ ሲገባኝ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩብህ። ብትነግረኝ ኖሮ እጮህብህ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን የምጮኸው በራሴ ጥፋት ላይ ይሆን ነበር።

ዘንጉን ለማስለበጥ ወደ ኢሎኢሎ ከተማ ልኬዋለሁ። ሲመለስ ና ግጠምልኝ አልልህም፤ ሰው ሳልሰማ ማዘዜ ነው ለዚህ ያደረሰኝ። ብትመጣ የምትመጣው ለቤትህና ለቪዮሌታ ነው። ባትመጣም ስምህ እዚህ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ በዚያ ግቢ የነበረ ሁሉ ከእኔው አፍ ሰምቷል።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቅርታም አይደለም። አበልጅነታችን ካልፈረሰ፣ ዳግመኛ ሳጠፋ አትዘንልኝ። በሰው ፊትም ቢሆን ንገረኝ። እኔ አፍሬ ልትረፍ፣ አንተ ከምትሄድብኝ።

አፈ ክፉዋ አበልጅህ
ሊጋያ